ጸንቷል ይበሏቸው

ስልክ ውስጥ ከምታወራው ሴትዮ ጋር ስጣላ የከረምኩ ሰው ነኝ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም» ባለችኝ ቁጥር «አንቺ ደሞ ሌላ ወሬ የለሽም?» እያልኩ እጮህባታለሁ። ባለቤቴ ትስቃለች። «ኧረ ተዋት፣ ምን አደረገችህ?»

ምን ታድርገኝ! ሩቅ ገጠር ፓስተር ሆኜ የማገለግላትን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትቻት የመጣሁት ባለቤቴ ታማ ለሕክምና ወደ ከተማ ስንገባ ነው። እሷ ተመስገን ዳነች፤ እኛም እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር ቀረን፣ የማገለግልበት ጉባኤም አገኘሁ። እዚያ የተውኳቸው ግን ብዙዎቹ የተጠመቁበት ውሃ እንኳን በቅጡ ያልደረቀላቸው ነበሩ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ተበትነው ይሆን? እምነታቸውን ጥለው ይሆን? ይኸው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ፌርማታ ላይ የዚያ አገር ሰው የመሰለኝን ሁሉ እየተጠጋሁ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ኪሱን ይዞ ይሸሸኛል።

«መንጋው ያንተ ነው እንዴ? ጌታ የለውም?» ትለኛለች ባለቤቴ። ልክ ነች። ልክ መሆኗ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እንደ ልማዳችን «እንግዶች ካላችሁ ቁሙ፣ እንቀበላችሁ» አልኩ። ከኋላ አንድ አዛውንት የረጠበ ኮታቸውን እያራገፉ ተነሱ። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ! አትሮኖሱን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«መንገዱ ሲከፈት ምዕመናኑ ልከውኝ ነው» አሉ። «አለን። ንፋስ ጣሪያችንን ቢወስደውም ዋርካው ሥር እየተሰበሰብን ነው። የቀረ የለም፤ እንዲያውም ጨምረናል።»

ጉባኤው እልልታውን አቀለጠው። እኔ ዓይኔን እየጠረግኩ ነው። ሰውዬው ግን አልተቀመጡም።

«እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም። የፓስተራችን ድምፅ ሲጠፋብን፣ ከተማው እምነታቸውን አቀዝቅዞት ይሆን ብለን ሰጋን። ዓርብ ዓርብ የምንጾመው ለእሳቸው ነው። እንዴት ናቸው ብዬ ልመለስ?»

ከፊት ወንበር ባለቤቴ ብድግ አለች።

«ጸንቷል ይበሏቸው» አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች። «ለቁጣው ግን ዓርቡን እንዳይተዉት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ያዘጋጀሁትን ስብከት ተውኩና እዚያው ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አጽንቶ ያቆመኝ የማን ጾም እንደሆነ ያወቅኩት ገና ያኔ ነው።