በቀን የተነበበ ተረት

ትናንት ልጄ አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ገልጣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ፤ ሙጫና ቀለም ይሸታል። "አባዬ፣ የተረት ሰዎች ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊዚክስሽን አጥኚ እላት ነበር። ትናንት ግን ተቀብያት አገላበጥኩት።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድ ጊዜ እኛም ቤት ገብቶ ነበር። ያኔ ታናሽ እህቴ ገና ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ አስተማሪዋ አዋሰቻት። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነበር። አንዲት የጭራቅ ልጅ ልዕልቶችና ጠንቋዮች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ሰው የማስፈራራት ትምህርት ግን አልሆን ይላታል።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሮቤ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ ለብቻዬ አነብ ስለነበር ዐዋቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ተረት እንቅ ነበር።

እናታችን የታመመች ሰሞን፣ አንድ ቀን ዱቄቴን ሳላራግፍ ለምሳ ገባሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች። እህቴ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እናታችን እያሳለች ትስቃለች።

"ወይ ጉድ! ጭራቅ ሆና ሰው ታፍራለች?"

ምሳ አልተሠራም። ተናደድኩ። በሰፈራችን ተረት የሚወራው ከመሸ ነው፤ በቀን ያወራ ልጅ እናቱ ትሞትበታለች ይባላል። እኔ አላምንበትም። እህቴ እንደምታምንበት ግን ዐውቅ ነበር።

"በጠራራ ፀሐይ ተረት! እማዬን ልትገድያት ነው?" አልኳት።

"ተዋት አቦ!" አለች እናታችን። "አንብቢልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።"

እህቴ መጽሐፉን ዘጋችው። ሲመሽ እንኳ አልከፈተችውም። እናታችን "ያቺ ልጅ ፈተናውን አለፈች?" እያለች ትጠይቃታለች፤ እሷ "አላውቅም እማዬ" ብቻ ትላለች። በአራተኛው ቀን እናታችንን በሚኒባስ ጎባ ሆስፒታል ወሰድናት። ከዚያ በሕይወት አልተመለሰችም።

የለቅሶው ድንኳን ሸራ በዝናብ ርሶ ይሸት ነበር። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አሏት ጎረቤቶች እህቴን። አላለቀሰችም። አጠገቤ መጥታ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

"ጋሼ፣ ማታ ማታ ባነብላት ኖሮ ትድን ነበር?"

የሳንባ በሽታ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኛል። "አንቺ አይደለሽም" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን ካልኩ ግን መዋሸቴን ለልጅ ማመን ሊኖርብኝ ነው። ለቀስተኞች ገቡ፤ አግዳሚ ወንበር ላቀርብላቸው ተነሣሁ።

ለልጆቼ ስለ እውነት ብዙ እናገራለሁ። ራስ በማያምኑበት ነገር ልጅን ማስፈራራት ነውር ነው እላቸዋለሁ። ከየት እንደተማርኩት አልነገርኳቸውም።

እህቴ አሁን ጎሮ ትኖራለች፤ ልጆች ወልዳለች። ጥያቄዋን ደግማ አላነሣችውም። ስንደዋወል ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው እናወራለን፤ ከዚያ "በል ደህና ሁን ጋሼ" ብላ ስልኩን ትዘጋለች።