የማይመለሱት ኩባያዎች

የወንድሜ ልጅ በግራ እጇ የተገመጠ ዳቦ ይዛ በቀኝ እጇ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ትነካካለች። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ተበልተዋል። ምሳዋን ይዤላት ስሄድ ሁልጊዜ የማገኛት እንዲህ ነው። ክፍሏ ከክሊኒኩ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ማራገቢያው አንድ ክንፉ ስለተሰበረ ሲዞር ያነክሳል።

የክሊኒኩን ፕሮግራም የምትጽፈውም የምትጠብቀውም እሷ ናት። ካርዱም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም የሚሄደው በዚያ ነው። ታዲያ ጠዋት ደህና የነበረው ምሳ ሰዓት ገደማ ቀጥ ይላል። ያኔ የካርድ ክፍሏ አፈኛ ሠራተኛ ትደውላለች።

«ጉድ ፈላ! ደርቋል! ሰው ሊበላኝ ነው!»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

«አንቺማ ሁሌ መጣሁ ነው፤ መድረስ የለም።»

ታጠፋዋለች፤ ታበራዋለች፤ ይነሳል። በነጋታውም እንዲሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ከዚህ ሥራ ፈቀቅ ብላ አባቷ ዘንድ መሄድ አቅቷታል። ወንድሜ የሚኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ከሚወስድ ከተማ ነው። ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ማየቱ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮታል። የተሰበረ መነጽሩን መጨረሻ የሄደች ጊዜ እሷ አምጥታ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ላለው መነጽር ሠሪ ሰጥታለታለች። «ልጄን አንዴ ደህና አድርጌ ልያት እንጂ ለሌላ አይደለም» ይላል። በስልክ «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ፣ አባዬ» ስትለው፣ «ነይ እንግዲህ፣ መብራቱ ሳይጠፋ» ብሎ ይስቃል።

ፕሮግራሙ ለምን እንደሚቆም አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«አክስቴ፣ ቧንቧ ዳር ኩባያዎች ተደርድረዋል እንበል። የመጣ ሰው አንዱን ያነሳል፣ ይጠጣል፣ ይመልሳል። ፕሮግራሙም መረጃ ለማምጣት መስመር ይከፍታል፤ ሲጨርስ ዘግቶ ለሌላው ይለቃል። እኔ ግን በጥድፊያ ስጽፈው መዝጊያውን መጨረሻው ላይ ብቻ አደረግኩት። የላቦራቶሪው ማሽን መሃል ላይ መልስ ከነሳው፣ ደንግጦ ኩባያውን እንደያዘ ይወጣል። ምሳ ሲደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው።»

«ደንግጦም ቢሆን መልሶ ይውጣ ብለሽ አትጽፊለትም?»

«አንድ ቦታ ቢሆን ቀላል ነበር። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ግን ያቺን የጻፍኳትን ቁራጭ በየገጹ ገልብጠዋታል። እነሱ ለቀቁ፤ ስህተቴ ተዘርቶ ቀረ።»

ለማረም ጊዜ ስትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «አጥፍተሽ ስታበሪው ይሠራ የለ? የሚሠራ ነገር ምን ያስነካካሻል?» ፈቃድ ስትጠይቀውም «አንቺ ከሄድሽ ማን ያበራዋል?» አላት። እውነቱን ነው። አንዴ አፈኛዋ ራሷ አጥፍታው፣ በመጻፍ ላይ የነበረ የአንዲት እናት የደም ውጤት ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አይነካውም።

ልጅቷ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ትንሽ ፋታ ባገኘች ቁጥር ገጾቹን አንድ በአንድ ማረም ያዘች። ወራት ፈጀባት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። አፈኛዋ ደረጃውን ወርዳ «ታመምሽ እንዴ? ናፈቅሽኝ እኮ!» አለቻት። በማግስቱም አልቆመም። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሰጣት፤ ሻንጣዋን አብረን አዘጋጀን። ለአባቷ የገዛችውን ሹራብ ሦስት ጊዜ አጣጥፋዋለች።

በጉዞዋ ጠዋት መጀመሪያ ወደ መነጽር ሠሪው ስንሄድ መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ገና ረፋድ ነበር፤ አፈኛዋ ናት።

«እህቴ፣ ደርቋል! ዛሬ የተከፈተው አዲሱ የሕክምና ክፍል ሥራ ከመጀመሩ ደረቀ!»

ለካ ሥራ አስኪያጁ ሳይነግራት ለአዲሱ ክፍል ገጽ ያሠራው በውጭ ሰው ነው። ሰውየውም ገና ካልታረሙት አሮጌ ገጾች ገልብጦ ነው የሠራው። ሻንጣዋን እኔ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ እሷ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሆነ፤ አንዱን ስታርም ሰውየው ሌላ ገጽ ይጨምራል። ነገ ዛሬ ስትል ወሩ አለቀ። አንድ ምሳ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ አባቷ ራሱ ደወለ።

«አባዬ፣ በዚህ ሳምንት የግድ…»

«አይ ልጄ፣ እንግዲህ አትቸኩዪ። ድምፅሽን እሰማለሁ አይደል? ይበቃኛል።»

ስልኩን ዘጋች። ወዲያው የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ፤ «መጣሁ» አለች።

ስወጣ መነጽር ሠሪው ከበሩ ላይ ጠራኝ። «እናቴ፣ ያ መነጽር ካለቀ ቆየ፤ ይንገሯት እንጂ።» ነገርኳት። እኔ ላምጣው ብላት «ተዪው አክስቴ፣ ነገ ራሴ አነሳዋለሁ» አለችኝ።

መነጽሩ አሁንም በሠሪው መሳቢያ ውስጥ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው።