አለበል የተኛበት ታንኳ

አለበል በሰባ አንድ ዓ.ም. ከኦጋዴን ግንባር ወደ ባሕር ዳር ከተመለሰ ወዲህ፣ የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥሩምባ በጮኸ ቁጥር የአየር ድብደባ እየመሰለው ባለበት መሬት ላይ ይለጠፋል። ከዚያም ሲነሣ ኀፍረቱን ይዞ በቀጥታ አረቄ ቤት ነው። ሚስቱ ውዴ ጣና ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩትን ሽማግሌ፣ መስዑድን፣ ለምና ሥራ አስገባችው።

«ዛሬን ብቻ ሳትጠጣ ዋልልኝ» አለችው።

ቀትር ላይ ጥሩምባው ጮኸ። አለበል በታሰረው ደንገል ላይ በደረቱ ተለጠፈ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አረቄው ውል አለውና ሊነሣ ሲል፣

«እንዳትነሣ!» አሉ መስዑድ ገመዱን እየሳቡ። «ደንገል ሳይጫኑት መች ይጠብቃል? እኔን ከሲታውንማ ከቁብም አይቆጥረኝ!»

«ጋሼ መስዑድ፣ አይቀልዱብኝ እንጂ!»

«ወላሂ አልቀለድሁም! ያኛው ጫፍ ላልቷል፤ ወደዚያ እልፍ በል።»

አለበል ሳቁ አመለጠው። ወታደር ቤት እንደለመደው በክርኑ እየተሳበ ጫፉ ላይ ደረሰና ተጫነው።

ውዴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከሁሉ አስቀድማ ትንፋሹን አሸተተች። ደንገል ደንገል ይላል። አለበል ጥግብ ብሎ በላና ወደ መስዑድ ዞረ።

«ነገስ ስንት ሰዓት ልምጣ?»