ኮቷን የማታወልቀው ተማሪ

የማታው እንግሊዝኛ ክፍል በር ሥር የምትቀመጠው ሴትዮ ኮቷን አታወልቅም። ልጇ መኪና ይዞ ሲመጣ እንዳታስጠብቀው ነው። የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ እጇን በረኪና በልቶታል። ስልኳ ከደብተሯ ላይ አይነሳም።

መምህሩ «ፒክ አፕ» ብዙ ትርጉም አለው አለና ከየኑሯችን ምሳሌ ጠየቀን። አንደኛው ከመሬት ማንሳት ነው።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፎጣ ከወለል አነሳለሁ» ብላ ቀደመችን።

ሁለተኛው ሰውን መጥቶ መውሰድ ነው።

«ዛሬ ልጄ ይወስደኛል» አለች፣ ቀና ብላ። ትናንትም እንዲሁ ብላን አውቶቡሱን አብረን ነው የጠበቅነው።

ሦስተኛው የተደወለ ስልክ ማንሳት ነው ሲላት ስልኳን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይቺን ለሌላ ሰው ይስጧት፣ መምህር» አለች። «እኔ የማውቀው መደወል ብቻ ነው።»