ያልተቀደደ ፊት

ሰፈሩ በሙሉ «ወረቀት» ነበር የሚለው። ለቦክሰኛ እንዲህ ያለ ስም ውርደት ነው፤ ነገር ግን የወጣለት ያለምክንያት አልነበረም። ቡጢ ባረፈበት ቁጥር የቅንድቡ ቆዳ ይተረተራል፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ዳኛውም ግጥሚያውን ያቆማል። እየመራ የተሸነፈባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። አንድ ቀን እንዲያውም ተጋጣሚው ጉልበቱ ከድቶት ገመዱን ተደግፎ ሊዘረር ምንም ሳይቀረው፣ የወረቀት ቅንድብ ተከፈተና ድሉ ለዚያ ለሚንገዳገደው ሰው ተሰጠ።

ታላቅ እህቱ ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ ነበር የምትቀመጠው፤ ደሙ ቀሚሷ ላይ እስኪፈናጠር ቅርብ። መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት አላት። እናታቸው የሞተችው ሁለቱም ልጆች ሳሉ ነው። አባታቸው ደግሞ ከጠጣ ቀበቶውን የሚፈታ ሰው ነበር። የቀበቶው ብረት የወንድሟን ግንባር የሰነጠቀ ዕለት እሷ የበሩን መቀርቀሪያ አንስታ የአባቷን ክንድ ሰበረች። ልጁን አቅፋ እንደወጣች አልተመለሰችም። እሱም «እትዬ» እያለ በእሷ እጅ አደገ። ቦክሰኛ እሆናለሁ ሲል ልቧ ባይወድም አልከለከለችውም፤ ቢያንስ መልሶ መምታት ይማር ብላ።

ከዚያ የተበላሸ ግጥሚያ በኋላ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ቅንድቡን እየሰፋች ተቆጣች።

«ይሄ ጨርቅ ቢሆን እንኳ እስካሁን ተጥሎ ነበር። ምንድን ነው የሚበላው?»

«አሰልጣኙ ክብደት እንዳይጨምር ብሎ ደረቅ ዳቦና ሻይ ላይ ጥሎታል» አለች እህቱ።

«ፊቱንስ ምን ይቀባል?»

«የጨው ውኃ። ያጠነክራል ይላል።»

ነርሷ መቀሷን አስቀመጠች። «ይሄ ለጫማ የሚለፋ ቆዳ አይደለም። ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ቀለቡን የሚያገኘው ከውስጥ ነው። ብርቱካን፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ አረንጓዴ ቅጠል አብዪው። ውኃ ይጠጣ፣ ይሄን የሚሸተኝን ሲጋራ ይተው። ጨው እንዳታስነኪው፤ እንደታጠበ ዘይት ቢጤ ቀቢው። ተአምር አልነግርሽም፣ የቆየ ጠባሳ ሁልጊዜም ደካማ ነው። ግን እንዲህ በየሰበቡ አይቀደድም።»

እህቱ በማግስቱ የጂሙን በር በርግዳ ገባችና የጨው ውኃውን ባልዲ አሰልጣኙ እግር ላይ ደፋችው። አሰልጣኙ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው። ጫማው ረጥቦ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ወንድሟን እንደ ችግኝ ተንከባከበችው። ጠዋት ካሮትና ብርቱካን፣ ቀን ጎመንና እንቁላል፣ ማታ አቮካዶ። ፊቱን የሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች፤ ቅንድቡን እሬት ሰንጥቃ በዝልግልጉ ትቀባዋለች። «እትዬ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?» ሲላት «አፍህን ዝጋና ጠጣ» ትለዋለች። ሲጋራ ይዞ ያገኘችው ዕለት ግን አልቀለደችም። በጥፊ ስታጮለው ሲጋራው ከአፉ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተበተነ፤ ከንፈሩም ደማ። ከዚያ በኋላ አላጨሰም።

ቆዳው ቀስ በቀስ ወዝ አወጣ። መሰነጣጠቁ ቀረ፣ ጠባሳው ለሰለሰ። በልምምድ ላይ ቅንድቡን ደጋግመው ቢመቱትም አልተከፈተም። አሰልጣኙ ይህን ሲያይ ጫማውን ረሳና ትልቅ ግጥሚያ ያዘለት። ተጋጣሚው ቀን ቀን ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ክንዱ የመዶሻ እጀታ የመሰለ ሰው ነበር።

ደወሉ እንደተደወለ ድንጋይ ፈላጩ ቀጥ ብሎ ለቅንድቡ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። አንዴ መታው፤ ደገመው። እህቱ ጥርሷን ነክሳ የደሙን መፍሰስ ጠበቀች። ጠብ አላለም። ሦስተኛው ቡጢ እዚያው ቦታ ላይ ሲጮህ፣ ፊቱ ቀላ እንጂ አልተቀደደም። ደስታዋ ጣሪያ ነካ። አጠገቧ ያለውን የማታውቀውን ሰውዬ ትከሻ እየደበደበች «አየህልኝ?» አለችው።

ድንጋይ ፈላጩ ቅንድቡን ተወና ወደ ጆሮ ግንዱ ዞረ። እዚያ የሚቀደድ ነገር የለም። የመጀመሪያው ሲያርፍ የወረቀት ጉልበት ተብረከረከ። ሁለተኛው ሲደገም እጁ ወረደ። ዳኛው ቀረብ ብሎ ፊቱን አየ፤ ንጹህ ነው። «ቀጥሉ» አለ። በየዙሩ ድንጋይ ፈላጩ ይፈልጣል፣ ዳኛው ፊቱን ያያል፣ «ቀጥሉ» ይላል። እህቱ ያኔ ነገሩ ገባት። ያ ደም ነበር እስከዛሬ በሕይወት ሲያወጣው የኖረው። እንዲህ ሳይደቅቅ በፊት ቆዳው ይከፈታል፣ ዳኛው ያቆማል፣ እሷም ወደ ቤት ይዛው ትሄድ ነበር።

ዘልላ ወደ አሰልጣኙ ሮጠች። «ፎጣውን ወርውር! ተሸንፏል በል!»

«ፊቱን አታዪም? ጭረት የለበትም» አላት ሳይዞር።

«ዓይኑን እየው! አንተን አያይህም!»

ፎጣውን ከትከሻው ላይ ልትነጥቅ ስትል በክርኑ መታት። ጥርሷ ተሰብሮ ምላሷ ላይ ወደቀ። ተፋችውና ወንድሟ በዙር መሃል የሚያርፍበትን የብረት በርጩማ አንስታ የአሰልጣኙን ጉልበት አጎነችው። አሰልጣኙ እየጮኸ ሲወድቅ ፎጣውን ወረወረች። ዳኛው እጁን አወናጭፎ ግጥሚያውን አቆመ። ወረቀት ማንም ሳይነካው፣ የቆመበት ቦታ ላይ፣ እንደ ባዶ ጆንያ ተቀመጠ። በጆሮው ደም ወረደ።

ሐኪሞች ጭንቅላቱን ከፍተው የረጋውን ደም አወጡለት። ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን መስማት አቆመ፤ እጁም ኩባያ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል። «ድሮም በአንዱ ሰምቶ በሌላው የሚያፈስ ነበር፣ አሁን ማፍሰሻው ተደፈነ» እያለች ለጠያቂ ትቀልዳለች፤ ጓዳ ስትገባ ግን ፎጣ አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። እሱ ኩርፊያ ላይ ነው። «እያሸነፍኩ ነበር» ይላታል፤ ሌላ ቃል የለውም። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ሳጥን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ይተኛል።

አንድ ከሰዓት አሰልጣኙ እያነከሰ መጣ። ቅንድቡ በፕላስተር የታሸገ አዲስ ቦክሰኛ አስከትሏል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ባንኮኒውን ተደገፈና «ለወንድምሽ ያደረግሽውን ለዚህም አድርጊለት» አላት።

ወንድሟ የብርቱካን ሳጥኑን መሬት አኖረና መጣ። አንድ ቡጢ ብቻ ሰነዘረ። የአሰልጣኙ ጉንጭ ከዓይኑ ሥር ተሰነጠቀና ደሙ ባንኮኒው ላይ ተንጠባጠበ። አዲሱ ቦክሰኛ ንቅንቅ አላለም። አሰልጣኙ ጉንጩን ይዞ ብቻውን ወጣ። እሷም ለአዲሱ ቦክሰኛ አንድ ብርጭቆ ብርቱካን ቀዳችለት፤ የሚበላውንም የሚቀባውንም ነገረችው። «ግን ጓንቱን ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው። ምክሯን ይቀበል አይቀበል አታውቅም። ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ።

ወንድሟ የተላጠ ጣቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች፤ በቀኙ በኩል፣ እንዲሰማት።

«ያን ማታ» አለ ቀና ሳይል፣ «ከሁለተኛው ዙር በኋላ ያለውን አላስታውስም። እያሸነፍኩ ነበር የምልሽ ዝም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

እጁን ከውኃው አውጥታ አደረቀችለትና የተላጠውን ጣቱን ዘይት ቀባችው።