በክብሪት ቀፎ የሸጥኩት ጆይስቲክ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴም አልሰማችም፤ እሷ ሰምታ ቢሆን እናንተ ጋ ሳይደርስ ሆሳዕና ሁሉ ያውቀው ነበር።

ያስጀመረኝ ሬዲዮ ነው። ሰሞኑን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሱቄ በር ላይ ከባጃጅ ሹፌሩ ከማርቆስ ጋር ተቀምጠን ዜና እንሰማለን። ውጭ አገር፣ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሳጥን መሸጥንና ገንዘብ ከፍሎ ማሸነፍን የሚገድብ ሕግ ሊወጣ ነው ይላል። ማርቆስ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ያለውን ነጋዴ ማሰር ነው፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«ማሰር ብቻ?» አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ፈረንጆቹ አሁን ሕግ የሚያረቁለትን ሥራ እኔ ያለ ኢንተርኔት፣ በባዶ የክብሪት ቀፎ ሠርቼበት ጨርሻለሁ። የተጫወትኩበትም በዚሁ በማርቆስ ላይ ነው።

ያኔ ሱቄ ጌም ቤት ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ። አንዱ አዲስ ነው፤ የሌላው የመሮጫ ቁልፍ ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጫኑት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ኳስ ተጫዋች እንደ ፈረጠጠ በሬ ከሜዳ ካልወጣ አይቆምም። ደንበኞቼ ለዚህ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፤ እረፍት ሲሆን ጆይስቲክ ይቀያየራሉ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። እኔ ጣስኩት። ወረቀት አጥፌ በየቀፎው ከተትኩና መሸጥ ጀመርኩ። አንዱ «አዲሱ ጆይስቲክ» ይላል፤ የቀሩት «ደግመህ ሞክር»። የቀናው ጨዋታውን ሙሉ በአዲሱ ይጫወታል። ሳቁብኝ፤ ግን ገዙ። ሳቅ ደግሞ ንግድ አይከለክልም።

ለያሆዴ፣ ማለት ለመስቀል በዓል፣ ውድድር አዘጋጀሁ። ሽልማቱ በግ ነው። በከተማው ማርቆስን የሚስተካከል አልነበረም፤ በጉን ፎንቆ ላለችው እናቱ እንደሚወስድላት አስቀድሞ ነግሯታል። ፍጻሜው ላይ የገጠመው ለበዓሉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሰው ነው። ሰውየው ቀፎ የሚገዛው በእፍኝ ነው። ማርቆስም ገዛ፣ ከፈተ፣ «ደግመህ ሞክር»። ሞከረ። ያው ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። ዋናው ቀፎ ለሽያጭ ከቀረቡት መሀል አልነበረም፤ መዳፌ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ገዢ ተሸንፎ እንዳይቀየመኝ ብዬ በገዛ እጄ ለባለ እፍኙ አቀበልኩት።

የማርቆስ አጥቂ ኳሱን ትቶ ከሜዳ ወጣ። ደጋግሞ ወጣ። ማርቆስ ተሸነፈ። በጉን ከነአሸናፊው በባጃጁ ጭኖ ያደረሰውም ራሱ ነው። ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቁልፉ ነው ወይስ ጣቴ?»

«ጣትህ ነው» አልኩት።

ባጃጁ ሲነሳ በጉ አንገቱን አውጥቶ እኔን ያይ ነበር። ከሁላችንም የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እሺ፣ ቀፎውን ንግድ ልበለው። ያቺን መልስ ግን ምን ልበላት? ምን አተርፍባት ነበር? ማርቆስ ከዚያ ወዲህ ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም። ና እንጫወት ሲሉት አውራ ጣቱን ቀስሮ «ይሄ እኮ ጡረታ ወጥቷል» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ከሁሉ ጎልቶ የሚስቀው ማነው? እኔ ነኝ።

ሕጉ እኛ ጋ እስኪደርስ ልጠብቅ? እኔን ለመያዝ የእረፍት ሰዓቱ ደንብ ይበቃ ነበር። ሕግ አልነበረም ብዬ አላመካኝም።

ማርቆስ፣ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ያገኘኸውን ሁሉ እንደምታነብ አውቃለሁና ይህም እጅህ ይገባል። ጣትህ ደህና ነበር። ቁልፉ ነው። ለመጪው ያሆዴ ፎንቆ እናትህ ጋ በግ ይዤ እሄዳለሁ፤ በባጃጅ አይደለም፣ በእግሬ፣ በጉን እየጎተትኩ። መንገደኛው ሁሉ የምን በግ ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ እነግረዋለሁ።