አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት

መካነ ሰላም ውስጥ የክንፈን መልክ የማያውቅ ይገኝ ይሆናል፤ የእጅ ጽሑፉን የማያውቅ ግን አልነበረም። ዳዊት ማስጻፍ የሻ ሁሉ ደጁን ይጠና ነበር። ብራናውን ራሱ ይፍቃል፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል። ጽፎ ሲጨርስም እንደ አባቶቹ ወግ ከግርጌው ስሙን አኑሮ፣ አንባቢው ስለ ነፍሱ እንዲጸልይለት ይለምናል። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላጓደለም።

ደርግ ከመጣ ወዲህ ዳዊት የሚያስጽፍ ጠፋ። ክንፈም ብራናውን ጠቅልሎ ጓዳ አስቀመጠና ጥቂት መሬት ያርስ ጀመር። በ1976 ዓ.ም. ግን የከተማው አንድ ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪናው ተሰበረበት፤ መለዋወጫም አልተገኘም። ጽሕፈት ቤቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ባለ ሁለት ገጽ ጋዜጣ እያባዛ ለገበሬ ማኅበራት ይልክ ነበር። ኃላፊው መለሰ ፊደል የቆጠረው ክንፈ ዘንድ ነውና ያ እጅ ትዝ አለው። አስጠራውና በሰም የተነከረውን ስስ ወረቀት፣ እስቴንስሉን፣ ከብረት መጫሪያ ጋር ሰጠው። እንቢ ማለት የሚባል ነገር የለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረት ንጉሡ ከወረዱም በኋላ ይሠራ ነበር።

ነሐሴ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተቃረበና ከላይ ደስ የሚል ወሬ ተፈለገ። መለሰ አንድ ቀን የከላላ ገበሬዎች የበልግ ምርታቸውን ከዕቅድ በላይ አስገቡ የሚል ዜና ይዞ መጣ። ክንፈ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። ታላቅ እኅቱ ወርቂቱ ከላላ ነው ትዳሯ፤ በልጉ ገና በቡቃያው መድረቁን ገበያተኛ ነግሮታል። ይህንኑ ቀስ ብሎ ተናገረ። መለሰም እንደሚያውቅ፣ የታዘዘው ግን ይህ እንደሆነ ነገረውና ወጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ክንፈ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ጸሐፊ የተሰጠውን ይገለብጣል እንጂ አይጨምርም አይቀንስም ብሎ ራሱን አጽናና። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ሲያኖር ሐሳቡ ከላላ ነበር። እጁ ግን የለመደውን አልረሳምና ቀጠለ፤ «የጻፈው ኃጥኡ ክንፈ ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት» ብሎ ጨረሰ። መለሰም ጋዜጣውን ወደየገበሬ ማኅበሩ የሚያደርሱት ነጋዴዎች በቅሎ ሳይጭኑ ለመድረስ ሲጣደፍ፣ ሳያነብ አባዝቶ ላከው።

በሦስተኛው ቀን ክንፈን ጠሩት። መታሰሩ እንደማይቀር ገምቶ ጋቢውን ይዞ ነው የሄደው። መለሰ በሩን ዘጋ። «የኔታ፣ ጸሎቱን ይተዉት፤ ስምዎ ግን ይቆይ» አለው። «አንድ ቀን ይህን የጻፈው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መልስ ያስፈልገናል።» ክንፈ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። ምን እንደተደረገበት የገባው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ወርቂቱ በእግሯ መጣች። ነጠላው የሷ ባይሆን ኖሮ ክንፈ አይለያትም ነበር። ውኃ ከጠጣች በኋላ ጋዜጣው እንደደረሳቸውና ዲያቆኑ በስብሰባ ላይ እንዳነበበላቸው ነገረችው። የበልጉ ወሬ ሲነበብ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ የክንፈ ስም ተነበበ።

«የወርቂቱ ወንድም ነው፣ አስገድደው አስጽፈውት ነው አሉ» አለችው። «ክርስቲያኑ ብድግ ብሎ አቡነ ዘበሰማያት ደገመልህ። ጎረቤቶቻችን እነ ሀሊማም ዱዓ አደረጉልህ።»

ክንፈ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አልጨረሰችም። በሳምንቱ የእርዳታ እህል መዝጋቢ መጣ፤ ጋዜጣውን በእጁ ይዞ ነበር። እናንተማ አምርታችኋል ብሎ አንድም ሰው ሳይመዘግብ ወደ ሌላ ቀበሌ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ ሰባት ሰው ተቀብሯል።

«ሰው እጅህን ያምናል» አለች። «በልጉ አልደረሰም ብለህ ጻፍልን።»

በዚያኑ ዕለት መለሰ ዘንድ ሄደ። መለሰ አልተቆጣም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞረ። «ማረሚያ ካወጣን መጀመሪያ የዋሸው ማነው ይባላል። ከግርጌው ያለው የእርስዎ ስም ነው። እርስዎ ይታሰራሉ፤ ሌላ ጸሐፊ ይመጣል። እህሉ ግን አይመጣም፣ የኔታ።» ክንፈ እውነት ይሁን ማስፈራሪያ መለየት አልቻለም። ፈራ፤ ፈርቶም ማረሚያውን ሳይጽፍ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ወርቂቱን ቤት ውስጥ ከነበረው ስንዴ እኩሌታውን አሸክሞ ሸኛት። ጻፍክልን ወይ ብላ አልጠየቀችውም፤ ፊቱን አይታ ነበር።

የሚቀጥለው ጋዜጣ የበዓሉ ዜና ነበር። ክንፈ መጫሪያውን ይዞ ስለ ሰልፉና ስለ መፈክሩ ጻፈ፤ ከግርጌው ስሙን አኖረ። እጁ እንደ ልማዱ ሊቀጥል ሲል ያዘው። ጸሎቱን መለሰ ስለከለከለ አልነበረም። ከላላ ያሉት እንደ በፊቱ ተነሥተው እንዳይጸልዩለት ፈርቶ ነው። ቢረግሙት ይሻለው ነበር።